ኢንተርኔት ሲቋረጥ መስኖው ለምን ይቆማል? ስለ ኤጅ ኮምፒውቲንግ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ባቱ (ዝዋይ) አካባቢ በሚገኝ የጽጌረዳ እርሻ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ነኝ። የመስኖና የማዳበሪያ መቆጣጠሪያችን፣ በግሪንሃውሶቹና በማቀዝቀዣ ክፍሎቹ ያሉት 60 ሴንሰሮች፣ እንዲሁም በማሸጊያ አዳራሹ ያሉት 8 ካሜራዎች በሙሉ መረጃቸውን ፍራንክፈርት ወዳለ የክላውድ ሰርቨር ይልካሉ፤ ትእዛዝም የሚቀበሉት ከዚያው ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር የመስኖው ተራ ይዘለላል፣ ማንቂያም አይደርሰንም። አንድ አቅራቢ ‹ኤጅ ኮምፒውቲንግ› ካስገባን ከኢንተርኔት ጥገኝነት እንደምንላቀቅ፣ ፍጥነት እንደምናገኝ፣ የክላውድ ወጪ እንደሚቀርልንና መረጃችን ከጠላፊ እንደሚጠበቅ ነግሮናል። ለ12ቱ ግሪንሃውሶች 12 መሣሪያዎች እንድንገዛና ለ5ጂ እንድንዘጋጅም መክሮናል። ‹ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል› ይላል። እንግዛ?»

ምላሽ፦ 12ቱን መሣሪያዎች አይግዙ። ለገለጹት ችግር የሚያስፈልገው አንድ የኤጅ ኮምፒውተርና ከእርሱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ መለዋወጫ ነው፤ ከሁለቱም አስቀድሞ ግን የመስኖው ውሳኔ በራሱ በመቆጣጠሪያው ውስጥ መቀመጥ አለበት። አቅራቢው ከሰጣችሁ አራት ተስፋዎች የመጀመሪያው በከፊል እውነት ነው። የቀሩት ሦስቱ ወይ ለሌላ ዓይነት ሥራ የሚነገሩ ናቸው፣ ወይም ተገልብጠው የቀረቡ ናቸው። ተረቱም ቢሆን ትክክል ነው፤ ነገር ግን የቅርብ ጎረቤት ቤቱ ሊዘረፍ፣ መብራቱም ሊጠፋ እንደሚችል አብሮ መነገር ነበረበት።

ኤጅ ኮምፒውቲንግ የሚባለው መረጃን ወደ ሩቅ ዳታ ሴንተር ልኮ መልሱን ከመጠበቅ ይልቅ፣ መረጃው በተገኘበት ቦታ ወይም በአቅራቢያው ማስላት ነው። አሠራሩ ከስሙ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው አካማይ የድረ ገጾችን ቅጂ በየአገሩ በተተከሉ ሰርቨሮች ላይ እያስቀመጠ ተጠቃሚው ከቅርቡ እንዲያገኝ ያደርግ ነበር። በ2009 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ማሃዴቭ ሳትያናራያናንና ባልደረቦቻቸው በሞባይል ስልኮች አቅራቢያ የሚቀመጡ ትንንሽ ሰርቨሮች («ክላውድሌቶች») እንዲኖሩ ሐሳብ አቀረቡ፤ በ2012 ደግሞ የሲስኮ ባለሙያዎች ደመና (ክላውድ) ወደ መሬት ሲወርድ ጉም ነውና አሠራሩን «ፎግ» (ጉም) ብለው ሰየሙት። ከእነዚህ ውስጥ ክላውዱን አስቀርቶ በቦታው የሚተካ ተብሎ የቀረበ አንድም የለም። ሁሉም የሚሉት ሥራው ይከፋፈል ነው፤ ዋናው የባለሙያ ሥራም የትኛው ክፍል የት እንደሚቀመጥ መወሰን ነው።

በመጀመሪያ የፍጥነቱን ነገር እናንሣ። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ ከ53 ሚሊሰከንድ ሊያንስ አይችልም፤ ኬብሉም ቀጥ ብሎ የማይሄድ፣ ከአገር ወጥቶ ባሕር እያቋረጠ የሚዞር በመሆኑ በተግባር ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። ይህ መዘግየት ለፋብሪካ ሮቦት ወይም ራሱን ለሚነዳ መኪና አደጋ ነው። ለጽጌረዳ ግን ምንም አይደለም። የማቀዝቀዣ ክፍል በር ክፍት ቢረሳ እንኳ ሙቀቱ የሚጨምረው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ የመስኖ ቫልቭም አንድ አምስተኛ ሰከንድ ዘግይቶ ቢከፈት ሥሩ አያውቀውም። ስለዚህ «ፍጥነት» የሚለውን ቃል ከግዥ ሰነዱ ላይ ይሰርዙት።

የእርስዎ ችግር መቋረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያና እንደገና በሴፕቴምበር 2025 በቀይ ባሕር ውስጥ ያሉ ኬብሎች ተበጥሰው በብዙ አገሮች ኢንተርኔት ተዳክሞ ነበር፤ ለአንድ እርሻ የሚያጋጥመው መቋረጥ ግን በአብዛኛው ከዚያ የቀረበ ነው፦ መንገድ የሚቆፍር ኤክስካቫተር የበጠሰው ፋይበር፣ ኃይል ያጣ የቴሌ ማማ፣ አለዚያም ጽዳት ሲደረግ የተነቀለ ራውተር። ምክንያቱ የቱም ይሁን የቱ፣ ኢንተርኔት ስለጠፋ መስኖ ሊቆም አይገባም ነበር። ይህ የኤጅ ኮምፒውተር ካለመኖሩ የመጣ አይደለም፤ ሥርዓቱ ሲነደፍ የተሠራ ስሕተት ነው። ፒኤልሲ የሚባሉት የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያዎች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ ምንም ኢንተርኔት ፋብሪካ ሲያንቀሳቅሱ ኖረዋል። የናንተም መቆጣጠሪያ የሳምንቱን የመስኖ ፕሮግራም በራሱ ማኅደረ ትውስታ መያዝ መቻል አለበት፤ የሚችል ከሆነ ዛሬውኑ ይጫንበት፣ የማይችል ከሆነ በጀቱ መጀመሪያ የሚውለው እርሱን ለመቀየር ነው። የማዳበሪያው ውሕድ ከተወሰነለት የጨው መጠን ወይም የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወሰን ሲያልፍ ቫልቩን የሚዘጋው፣ የማቀዝቀዣውን ኮምፕረሰር የሚያስነሣውና የሚያጠፋውም ራሱ መቆጣጠሪያው እንጂ ክላውዱም የኤጅ ኮምፒውተሩም መሆን የለባቸውም። ኮምፒውተር ራሱን ያድሳል፣ ደርቆ ይቀራል፣ እንደገና ይነሣል፤ አበባው እስኪነሣ አይጠብቅም።

ከዚያ በላይ ያለው ሥራ ለኤጅ ኮምፒውተሩ የሚገባ ነው። የመጀመሪያው ሥራው መዝግቦ መያዝና መስመር ሲመለስ መላክ ነው። 60 ሴንሰሮች በየ10 ሰከንዱ 100 ባይት ቢመዘግቡ በቀን 52 ሜጋባይት፣ በወር 1.6 ጊጋባይት ያህል ነው፤ በጣም ርካሽ የሆነ ዲስክም ዓመቱን ሙሉ ይይዘዋል። ለዚህ የሚውለው ኤምኪውቲቲ የተባለ የመልእክት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈለሰፈው በረሃ ለበረሃ የተዘረጉ የነዳጅ ቧንቧዎችን በደካማ የሳተላይት መስመር ለመከታተል ስለነበር ከመቆራረጥ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። አንደኛ፣ ሥርዓቱ አንድን መልእክት ሳይደርስ እንዳይቀር አድርጎ ሲላክ ሁለት ጊዜ ሊያደርሰው ይችላል፤ እያንዳንዱ ምዝገባ የራሱ መለያ ቁጥር ከሌለው የውኃ ፍጆታችሁ በሪፖርት ላይ በእጥፍ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ከሁለት ቀን መቋረጥ በኋላ መስመር ሲመለስ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ አዲሱ ማንቂያ ከአሮጌው ክምር ኋላ ይሰለፋል፤ ስለዚህ ማንቂያ ይቅደም፣ ያለፈው በዝግታ ይከተል።

ሻጮች ፈጽሞ የማያነሡት፣ እኔ ግን በሥራዬ ከሁሉ በላይ ጉዳት ሲያደርስ ያየሁት ነገር ሰዓት ነው። በገበያ የተለመደው ራስበሪ ፓይ 4ን የመሰለ ትንሽ ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ ጊዜ የሚቆጥርለት ባትሪ የለውም፤ ሲነሣ መጨረሻ ላይ ካስቀመጠው ሰዓት ይቀጥላልና ትክክለኛውን ከኢንተርኔት ይጠይቃል። ኢንተርኔት ከሌለ የሚጠይቀው የለም። አንድ እርሻ ውስጥ (ስሙ ይቅርና) ከጠዋቱ 3 ሰዓት የጠፋ መብራት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተመለሰ፤ መስመሩም አብሮ ጠፍቶ ስለነበር ኮምፒውተሩ ገና ጠዋት 3 ሰዓት እንደሆነ አምኖ ሥራውን ቀጠለ፤ የእኩለ ቀኑን መስኖም ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አጠጣ። ሥሩ ሌሊቱን በውኃ ውስጥ አደረ። በማግስቱ የተመለከቱት ሪፖርት ግን ሁሉም በሰዓቱ እንደተፈጸመ ይናገር ነበር። ስለዚህ የሚገዛው ኮምፒውተር የሰዓት ባትሪ ይኑረው፤ መቆጣጠሪያውም ሰዓቱን ከኮምፒውተሩ ያለ ማጣሪያ አይቀበል። እግረ መንገዴን፦ መዝገቡ ውስጥ የሚገባው ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሁንና የእኛ አቆጣጠር በስክሪኑ ላይ ብቻ ይታይ። አንዱ ፕሮግራመር በሀበሻ ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት ጽፈው 6 ሰዓት የተዛነፈ የሙቀት ግራፍ ላይ ሰዎች ሳምንት ሲከራከሩ አይቻለሁ።

ሌላው የማይነገር ጉዳይ የሁለት እውነት መኖር ነው። መስመር በተቋረጠበት ቀን አዲስ አበባ ያለው የግብርና ባለሙያ በክላውዱ ላይ የመስኖውን መጠን ይቀንሳል፤ እርሻው ላይ ያለው የፈረቃ ኃላፊ ደግሞ ሙቀቱን አይቶ በቦታው ይጨምራል። መስመር ሲመለስ የማን ይጸናል? ብዙ ሶፍትዌሮች ያለ ጥያቄ የመጨረሻውን ይቀበላሉ፤ ይህ ከላይ ስለ ሰዓት ከተባለው ጋር ሲደመር ውጤቱ ዕጣ ከመጣል አይሻልም። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ በእርሻው ላይ የተደረገው ይጽና፣ ከክላውዱ የመጣው የፈረቃ ኃላፊው እስኪቀበለው ድረስ ሐሳብ ሆኖ ይቆይ። ተክሉን በዐይኑ የሚያየው እርሱ ነውና።

የኤጅ ኮምፒውቲንግ እውነተኛ ተስፋ በእናንተ እርሻ የሚታየው በካሜራዎቹ ላይ ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢልክ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሆናል፤ ስምንቱ በወር ከ5 ቴራባይት ይበልጣሉ። ይህን ሁሉ ምስል ወደ ፍራንክፈርት የሚያጓጉዙት «ይህ ግንድ 60 ሴንቲ ሜትር ነው» የሚል አንድ መስመር ለማግኘት ነው። ምስሉን እዚያው አዳራሽ ውስጥ የሚመረምር ከ7 እስከ 15 ዋት የሚፈጅ እንደ ጄትሰን ኦሪን ናኖ ያለ ሰሌዳ አለ፤ ምስሉን ለመለየት የሠለጠነው ፕሮግራም (ሞዴል) የሚያሰላባቸውን ቁጥሮች ከ32 ቢት ወደ 8 ቢት አጥብቦ መጠኑን ወደ ሩብ ማውረድም የተለመደ ነው። ከግቢው የሚወጣው የግንዶች ቁጥር፣ ርዝመትና ግራጫ ሻጋታ የተጠረጠረባቸው ጥቂት ፎቶዎች ብቻ ይሆናሉ። ሞዴሉን ማሠልጠን ግን ከፍተኛ አቅም ስለሚጠይቅ ክላውድ ላይ ይቆይ። ደግሞም ሞዴል አንዴ ተጭኖ የሚረሳ ዕቃ አይደለም፤ አዲስ ዝርያ ሲገባ፣ የአዳራሹ አምፖል ሲቀየር፣ የካሜራው መስተዋት አቧራ ሲለብስ ስሕተቱ ይጨምራል፣ መሳሳቱንም ራሱ አያውቅም። በየሳምንቱ መቶ ያህል ፎቶ በዕጣ እየተወሰደ አንድ ልምድ ያላት ሠራተኛ ፍርዱን ልትመዝነው ይገባል። ይህን የሚያደርግ ሰው ለመመደብ ካልተዘጋጃችሁ የካሜራውን ሥራ አትጀምሩት።

ስለ ወጪው አቅራቢው የነገራችሁ የተዛባ ነው። ትልልቆቹ የክላውድ አቅራቢዎች በአብዛኛው ወደ እነርሱ ለሚገባ መረጃ አያስከፍሉም፤ የሚያስከፍሉት ለሚቀመጠው፣ ለሚሰላውና ለሚወጣው ነው። ስለዚህ ሴንሰሮቹን ወደ ኤጅ በማዛወር የሚተርፍ ገንዘብ የለም ማለት ይቻላል፤ የካሜራው ግን ከኢንተርኔት መስመሩም ከማስቀመጫውም ጉልህ ገንዘብ ያተርፋል። በሌላው ጎን አዲስ ወጪ ይመጣል፦ መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነው ከእንግዲህ ፍራንክፈርት ያለ መሐንዲስ ሳይሆን እርስዎ ነዎት። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ወረፋ በሚመጣበት አገር ደግሞ ሁለተኛውን ቀድሞ ገዝቶ፣ ሶፍትዌሩን ጭኖ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ቅንጦት አይደለም። አሥራ ሁለት ሳጥን ማለትም ዘበኛ፣ ማቀዝቀዣና ጠባቂ ባለሙያ የሌላቸው አሥራ ሁለት ትንንሽ ዳታ ሴንተሮች ማለት ነው።

«ከጠላፊ ይጠብቃችኋል» የሚለው ከሁሉ የከፋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በየቤቱና በየቢሮው የተሰቀሉ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የወረረው በረቀቀ ጥበብ አልነበረም፤ ፋብሪካው የሰጣቸውን 60 ገደማ የተለመዱ መግቢያና የይለፍ ቃሎች እየሞከረ ነው። በኦክቶበር 21 ቀን ጠላፊዎች በዚሁ የተወረሩ መሣሪያዎች ሠራዊት ዳይን የተባለውን የድረ ገጽ አድራሻ አገልግሎት ኩባንያ አጥቅተው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ አገልግሎቶች ለሰዓታት እንዳይገኙ አደረጉ። ሥሌት ወደ ዳር በወጣ መጠን የሚጠበቀው በር ይበዛል። ካሜራዎቹ ከመስኖው ኔትወርክ ይለዩ፣ የፋብሪካው የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ይቀየር፣ ዲስኩ ይመሥጠር፤ ሳጥኑ ሊሰረቅ ይችላልና። ሶፍትዌር ሲታደስም መጀመሪያ በመለዋወጫው ላይ ይሞከር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ያሰራጨው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሲጥል፣ ብዙዎቹን ለማስነሣት ባለሙያ በአካል እየሄደ በእጁ መንካት ነበረበት፤ እርሻችሁ ያንን ባለሙያ ከየት ያስመጣል? በዚህ ክፍል ለኤጅ የምሰጠው አንድ ነጥብ አለ፦ የሠራተኞች ፊት የሚታይበት ምስል ከአገር ሳይወጣ መቅረቱ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አንጻር ሸክሙን ያቀልላል። ሕጉ ግን ግቢ ውስጥ ላለው ምስልም ይሠራል።

ስለ ሳጥኑ ማረፊያ አጥብቄ አሳስባለሁ። ግሪንሃውስ ውስጥ አታስቀምጡት። እርጥበቱና ሙቀቱ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፤ አመዳይ ለተባለው የቅጠል ሻጋታ በሽታ መከላከያ ሌሊት የሚተነው ድኝ ደግሞ የመዳብና የብር መገናኛዎችን ስለሚበላ በጥቂት ወራት ምክንያቱ የማይታወቅ ብልሽት ይጀምራል። የፓምፕ ቤት ወይም ቢሮ ይሁን፤ ማራገቢያ የሌለውና አቧራ የማያስገባ ሳጥን ይመረጥ። ኮምፒውተሩ፣ የኔትወርክ ገመዶቹን የሚያገናኘው ስዊችና ራውተሩ በድምሩ 45 ዋት ቢፈጁ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢወሰድ እንኳ 13 ሰዓት ያህል ያቆያቸዋል። ጄኔሬተር አለን አትበሉ፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባሉት ሰከንዶች ኮምፒውተሩ ይወድቃል፣ በሚሞሪ ካርድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከጥቂት ውድቀት በኋላ ፋይሎቹ ይበላሻሉ። ካርድ ሳይሆን ኤስኤስዲ የተባለውን ዲስክ ይጠይቁ። የማንቂያውም መንገድ ከኢንተርኔት ይላቀቅ፦ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚልክ ሲም ካርድ ያለው ሞደም፣ ከእርሱም በላይ ግቢ ውስጥ የሚጮህ ሳይረን።

5ጂን መጠበቅ አያስፈልግም። የቴሌኮም ኩባንያዎች በማማዎቻቸው አቅራቢያ የሚያስቀምጡት ኤጅ ሰርቨር ጠቃሚነቱ ለሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ የእናንተ ቫልቮችና ካሜራዎች ከቦታቸው አይነቃነቁም። በእርሻውና በማማው መካከል ያለው መስመር ሲቋረጥም ሰርቨሩ ማማው ሥር ቢሆን ፍራንክፈርት ቢሆን ለእናንተ ልዩነት የለውም። በግቢው ውስጥ ገመድ ዘርጉ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ በዚህ ወር የመስኖ ፕሮግራሙና የአደጋ ወሰኖቹ ወደ መቆጣጠሪያው ይግቡ፤ ይህ ብቻውን ከቅሬታችሁ አብዛኛውን ያስወግዳል። ቀጥሎ አንዱ ኮምፒውተር ከነመለዋወጫው፣ ከባትሪውና ከሳይረኑ ጋር ይተከል፤ ክላውዱ ለሪፖርት፣ ለመጠባበቂያ ቅጂና ለሥልጠና ይቀጥል። ካሜራዎቹ ላይ የምትገቡት ይህ ሁሉ አንድ የክረምት ወቅት ከሠራ በኋላ ነው፤ ያውም በአንድ የማሸጊያ መስመር ብቻ። ለአቅራቢው የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ ውሉ ውስጥ ይህ ፈተና ይጻፍ፦ ዓርብ ከሰዓት የኢንተርኔቱ ገመድ ተነቅሎ እስከ ሰኞ ጠዋት ይቆያል፤ ቅዳሜ ዕለት መብራቱ ለሰዓታት ይቋረጥና ይመለሳል፤ እሑድ የኤጅ ኮምፒውተሩ ራሱ ይጠፋል። ሰኞ ጠዋት የተዘለለ የመስኖ ተራ፣ ያልጮኸ ማንቂያ፣ የጎደለ ወይም ሁለት ጊዜ የተጻፈ ምዝገባ፣ ወይም የተዛነፈ ሰዓት ከተገኘ ክፍያው ይቆያል።